የባንተአምላክ እንቅልፍ

ገበያነሽ የባሏን ምስጢር የሰማችው ከሌላ ሰው አፍ ነው፤ ያውም ስልክ ውስጥ ሆኖ ከሚናገር ሰው።

ንፋስ መውጫ የመጣችው ለጥርሷ ነበር። ልጇ ሩታ ከተማው ውስጥ በነርስነት ትሠራለች፤ «መጥተሽ ይነቀልልሽ» ብላ ያስመጣቻትም እሷ ናት። ጥርሱ ተነቅሎ፣ ጉንጯን በነጠላ ጠቅልላ፣ ሩታ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ጋደም እንዳለች ልጅቷ ከሥራ ገባችና አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እማ፣ ጌዲዮንሽ ዝነኛ ሆኗል። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት የላከችልኝ፤ እስኪ ቀና በይና እይው።»

ጌዲዮን የቤት ልጅ ማለት ነው። ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከስማዳ መጥቶ ከባሏ ከመሪጌታ ባንተአምላክ ዘንድ ድጓ ሲማር፣ ቁራሽ የምታቀምሰውም ሲያመው የምታስታምመውም ገበያነሽ ነበረች። በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ዞረና እየገፋ ሄዶ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ሆነ። ባለፈው በጋ ተመልሶ መጥቶ ከመሪጌታ ጋር ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጅ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ ሰንብቷል። «የድሮ ሰዎች ስለ እንቅልፍና ስለ ንቃት ያሉትን ነው የማጠናው» ብሏት ነበር። እሷም በሆዷ ስለ እንቅልፍ ደግሞ ምን የሚጠና ነገር አለ ብላ ዶሮ ሠርታ አብልታዋለች።

ስልኩ ውስጥ ጌዲዮን ሱፍ ለብሶ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ፊት ቆሞ ይናገራል።

«ከእኛ በፊት የነበሩ ሐኪሞች እንቅልፍን የሚያስረዱት እንዲህ ነው» ይላል። «የበላነው ምግብ ሆድ ውስጥ ሲበስል እንፋሎት ያወጣል። እንፋሎቱ ወደ ራስ ይወጣል። ራስ ቀዝቃዛ ስለሆነ እዚያ ሲደርስ ይከብድና ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲወርድ የዓይንንና የጆሮን በር ዘግቶ ያልፋል። ሰው ተኛ የምንለው ያኔ ነው። ግሪኮች ብለውታል፣ ዓረቦች ብለውታል፤ እኔ ደግሞ ጋይንት ውስጥ በአንድ ሊቅ ደብተር ላይ አገኘሁት።»

«አባባ እኮ ነው» አለች ሩታ ፈገግ ብላ።

ገበያነሽም የሚያመውን ጉንጯን ይዛ ፈገግ አለች።

ጌዲዮን ቀጠለ። ሰው መጀመሪያ በቀኝ ጎኑ፣ ቀጥሎ በግራ ጎኑ መተኛት እንዳለበት፣ በግራ ሲተኛ ጉበት በጨጓራ ላይ አርፎ እንደ እሳት እንደሚያሞቀው ተናገረ። ባንተአምላክ ስንት ዓመት ሙሉ እንዲያ ነው የሚተኛው። ገበያነሽ ልማድ ነው ብላ ነበር የምታስበው። ከዚያ ጌዲዮን እንቅልፍ ስለሚበዛበት ሰው ማውራት ጀመረ። እንዲህ ያለው ሰው ራሱ ውስጥ ቀዝቃዛና እርጥብ አክታ ስለበዛበት ነው ይሉ ነበር አለ። መድኃኒቱም ራስን መላጨት፣ ሰናፍጭ ማሽተት፣ ምስርና ወተት መተው፣ ጎህ ሲቀድ እግርን በቀዝቃዛ ውኃ መንከር ነው።

ገበያነሽ ከተጋደመችበት ተነሣች።

እያንዳንዱን ታውቀዋለች። በኅዳር ብርድ ራሱን ተላጭቶ ሲንቀጠቀጥ አይታዋለች። ሰናፍጩን በጨርቅ ቋጥሮ እያሸተተ ዓይኑ እንባ ሲያፈስ አይታዋለች። ምስር ሲቀርብለት ገፋ ያደርጋል፤ ወተት ከቀመሰ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። በየማለዳው ወንዝ ወርዶ እግሩን የሚነክረውን ነገር ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። እሷ ግን ይህን ሁሉ ንስሐ ነው ብላ ነበር የያዘችው። በአንዲት ሴት ምክንያት የገባበት ንስሐ።

«ይህን ጽሑፍ የሰበሰበው ሰው» አለ ጌዲዮን ስልኩ ውስጥ፣ «ለራሱ መድኃኒት ሲፈልግ ነው የሰበሰበው። ቀዳሽ ካህን ነበር። በወጣትነቱ ሲስቅ ወይም ሲደነግጥ ጉልበቱ ይከዳው ጀመር፤ ቀን በቀንም እንቅልፍ ይጥለው ነበር። ሰውነቱ ይተኛል፣ ጆሮው ግን ነቅቶ ሁሉን ይሰማል። አንድ ቀን በቅዳሴ ላይ ጽዋውን ይዞ እያለ ይኸው መጣበት። ዲያቆኑ ደርሶ ባይቀበለው ኖሮ ይፈስ ነበር። ዲያቆኑ ምንጣፍ አደናቀፈው ብሎ አሰበ። ካህኑ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መቅደስ አልገባም፤ ምክንያቱንም ለማንም አልተናገረም። የዛሬ ሐኪሞች ናርኮሌፕሲ የሚሉት በሽታ ይመስለኛል። ስሙን አልጠራም።»

ስሙን አልጠራም፤ የደብተሩን አንድ ገጽ ግን ከኋላው በትልቁ አሳየ። ገበያነሽ ማንበብ አትችልም። የባሏን እጅ ጽሑፍ ግን፣ ቀዩን ቀለም ሲያስረዝም እንዴት እንደሚያጣምመው፣ ከሩቅ ትለየዋለች።

ሩታ ስልኩን አጠፋችው። «እማ፣ ታውቂ ነበር?»

ገበያነሽ ነጠላዋን ጉንጯ ላይ መልሳ ጠቀለለች።

ነገሩ የሆነው ሩታ ገና ስትድህ ነው። ያኔ ቀዳሽ ቄስ የነበረው ባንተአምላክ በድንገት «ጉልበቴን አሞኛል» ብሎ ቅዳሴ ተወ። ከቅኔ ማኅሌት ግን አልቀረም፤ እዚያ መቋሚያ ተደግፎ ማንቀላፋት የማንም ነውና ማንም ልብ አይለውም። ደግሞ በየወሩ ስማዳ ውስጥ ወዳለችው ወገዳ ይመላለስ ጀመር፤ አንዳንዴም ሳምንት ይሰነብታል። ካህን መቅደስ መግባት ሲተው አገር የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከሴት ወድቋል፣ ቅስናው ፈርሷል ተባለ። ወገዳ ውስጥ ጠላ የምትሸጥ ፈት ሴት አለችው ተባለ። የማኅበር ጓደኛዋ ደጊቱ ናት ከምንጭ ሲመለሱ ፊት ለፊት የነገረቻት። ገበያነሽ አንድ ቀን ደፍራ ጠየቀችው። «ይህ የእኔና የእግዜር ነገር ነው፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ» አላት። አላመነም፣ አልካደም። እሷ እንዳመነ አድርጋ ወሰደችው። እሱ ሲቆርብ ስላላየችው እሷም ሳትቆርብ ቀረች። በቁርባን የተጋባች ሴት ብቻዋን ብትቆርብ ሰው ምን ይላል ብላ።

በማግስቱ ጠዋት ሩታ «ዕረፊ፣ ጥርስሽ ይሻልሽ» ብትላትም እምቢ ብላ በሚኒባስ እስከ መገንጠያው ሄደች፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት በእግሯ ወረደች። ባንተአምላክ ከወይራው ሥር ተቀምጦ ተማሪዎቹን ዜማ እያስከተለ ያስቀጽላል። ሲያያት ተማሪዎቹን አሰናበተና ተነሣ።

«ምነው፣ ሳይሻልሽ መጣሽ?»

«ወገዳ የሚሄዱት ለሴት ነበር?» አለችው።

«ማን ምን አለሽ?»

«ለሴት ነበር ወይስ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«ለእንቅልፍ ነበር» አለችው።

ፊቱ ተለዋወጠ። ወይራውን ያዝ አደረገው። «ጌዲዮን ነገረሽ?»

«ለአገር ነው የነገረው። እኔም ከአገሩ ጋር ሰማሁ።»

«ከሞትኩ በኋላ ነበር ያልኩት» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለራሱ። «በወንጌል አስምዬዋለሁ።» ከዚያ ቀስ እያለ ነገራት። ደብተሩን የገለበጠበት የብራና መጽሐፍ የመምህሩ ነበር፤ መምህሩ ወገዳ አጠገብ ነበሩ የሚኖሩት። መጽሐፉን አያበድሩም፣ እዚያው ቁጭ ብሎ መገልበጥ ነበረበት። «ጋኔን አደረበት ይሉኝ ነበር። ጋኔን ካደረበት ሰው ዘንድ ማን ልጁን ለትምህርት ይልካል? ጉልበቴን ነው አልኩ።»

«እኔስ?»

«አንቺ ደግሞ ትፈሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ልጅቷን አዝለሽ ወደ አባትሽ ቤት ትሄጃለሽ ብዬ።»

«ሴት ይዟል ሲሉህ ሰምተህ ነበር?»

ከተጋቡ ጀምሮ «እርስዎ» ብላው ነው የኖረችው። ቃሉ ሲለወጥ እሱም ሰማው።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«እና ዝም አልክ።»

«የሴቱ ነገር ይረሳል፣ የጋኔኑ ግን አይረሳም ብዬ ነው። ወሬው እኔን...»

አልጨረሰውም። መጀመሪያ አገጩ ረገበ፤ አንገቱ ወደ ጎን ዘመመ፤ ጉልበቶቹ ታጠፉና የወይራውን ግንድ እየታከከ መሬት ላይ ተዘረጋ። ገበያነሽ በትዳር ዘመኗ እንዲህ ሲወድቅ ያየችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ «ጉልበቴ» ብሏት አምናለች። አሁን ግን ዓይኑ ገርበብ ብሎ ሲንቀሳቀስ አየችው። ጆሮው ነቅቶ ሁሉን ይሰማል ነበር ያለው ጌዲዮን።

አላነሣችውም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ስማ» አለችው። «እናቴ ስትሞት እጄን ይዛ፣ ይህን ሰው ለምን አትተዪውም አለችኝ። ሞኝ ወለድኩ እያለች ነው የሞተችው፤ አንተን ሳትመርቅ። አንተ ቀብሯ ላይ ፍትሐት ታደርስ ነበር። አንዲት ቃል ብትነግረኝ ጠጋ ብዬ በጆሮዋ እነግራት ነበር።»

የአንድ ዓይኑ ሽፋን ተንቀጠቀጠ።

«ደግሞ ይህን አታውቅም። ወገዳ ሄጄ ነበር። ሩታን ለእህቴ ሰጥቼ፣ ሁለት ቀን በእግሬ ተጉዤ፣ ገበያ መሐል ገባሁ። ጠላ ቤት ያላት ፈት ሴት የትኛዋ ናት ብዬ ጠየቅሁ። ብዙ ናቸው አሉኝ። የሁሉንም ፊት እያየሁ ዋልኩ። አንዷ ውኃ ሰጠችኝ፤ ይቺ ትሆን እያልኩ ጠጣሁ። ስንት ዓመት የዚያችን ሴት ፊት ሳየው ኖርኩ። ደግ ሴት ነበረች፤ ምንም ያልበደለችኝ።»

ከዓይኑ ጥግ እንባ ወርዶ ወደ ጆሮው ገባ። መጥረግ አልቻለም። እሷም አልጠረገችለትም።

«ጋኔን አለብኝ ብትለኝ ኖሮ አብሬህ ጸበል እሄድ ነበር» አለችው። «በሽታ ነው ብትለኝ ኖሮ ሰናፍጩን እኔ እወቅጥልህ ነበር። አንተ ግን እኔን አገር አፍ ውስጥ ጥለህ ከኋላዬ ተደበቅህ።»

ጣቶቹ መንቀሳቀስ ሲጀምሩ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። የሚመልሰውን መስማት አልፈለገችም።

ወሬው ከሳምንት በኋላ በሰው ስልክ ገብቶ መንደሩን አዳረሰው። ማንም ጋኔን አላለም። ቄሰ ገበዝ ዘመኑ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ። ገበያነሽ ጓዳ ሆና ትሰማለች።

«መሪጌታ፣ አምተንዎታል፤ እግዚአብሔር ይፍታን ይበሉን» አሉ ቄሰ ገበዙ። «ለጽዋው ክብር ብለው ስም ማጥፋትን ታገሡ። ይህ የጻድቃን ሥራ ነው።»

ባንተአምላክ አንገቱን ደፍቶ «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም። ገበያነሽ ጠበቀች። ስሟን ያነሣው እንደሆን ብላ ጠበቀች። ስለ ማስተማሪያ ወንበሩ ክብር፣ ስለ ተማሪዎቹ ብዛት፣ ስለ መጪው ክብረ በዓል ማውራት ሲጀምሩ ከጓዳ ወጣች።

«ቄሰ ገበዝ፣ እኔንስ?»

«አንቺማ ደስ ይበልሽ እንጂ ልጄ። እንዲህ ያለ ባል ማን አገኘ?»

«እሱን ስታሙት የታማሁት እኔ ነበርኩ። ባሏን መያዝ ያቃታት ስትሉኝ ከርማችኋል። እሱ ጻድቅ ሲሆን እኔ የት ገባሁ?»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ባንተአምላክ መቋሚያውን አጥብቆ ያዘ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እሷም እውነት አላት» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ነገሩ ግን በዚያው አለፈ። ደጊቱም በሌላው ቀን መጥታ «የታደልሽ ነሽ እኮ» አለቻት። ከምንጭ ሲመለሱ የነገረቻትን አላነሣችም። ገበያነሽም አላነሣችባትም።

ጌዲዮን የመጣው ከወር በኋላ ነው። መኪናውን ከላይ መንገዱ ላይ አቁሞ ብቻውን ወረደ። ደብተሩን በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እሱ ዘንድ ነበር። ባንተአምላክ የጌዲዮንን መምጣት ሲሰማ ከቤት አልወጣም። ደጅ ላይ የተቀበለችው ገበያነሽ ናት። ግባ አላለችውም።

«እናቴ፣ ስም አልጠራሁም» አለ።

«ጋይንት ውስጥ መቅደስ የተወ፣ ድጓ የሚያስተምር፣ ወገዳ ሲመላለስ የነበረ፣ ስንት ሰው አለ?»

ጌዲዮን የያዘውን ጥቅል ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ከሞትኩ በኋላ አላለህም?»

«ብለውኛል። አዳራሹ ውስጥ የነበረው መቶ የማይሞላ ሰው ነው፤ እዚህ ይደርሳል ብዬ አላሰብኩም። ደግሞ... ጥናቱ ያለ እሳቸው ታሪክ የድሮ መጻሕፍት ዝርዝር ብቻ ይሆን ነበር። የሚሰማው ሰው አይኖርም ነበር።»

«ስለዚህ ሸጥከው።»

«በደልኳቸው» አለ ጌዲዮን። «እርስዎን ግን መበደሌን አላወቅሁም። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነበር እናቴ። እንዴት ነው ሚስት ሳታውቅ የምትቀረው? ለእኔ በሦስተኛው ቀን ነው የነገሩኝ።»

ገበያነሽን ከሁሉም በላይ የጎዳት ይህ ነው። በሦስተኛው ቀን። ዶሮውን በሠራችበት ቀን መሆን አለበት። ደብተሩን ከእጁ ተቀበለች። «እሱ ይቅር ይልህ ይሆናል። እኔ ገና ነኝ» አለችውና በሩን ዘጋችው። እርምጃው ሲርቅ ከውስጥ ሆና ሰማችው።

ደብተሩን ለባሏ አልመለሰችለትም። ንፋስ መውጫ ይዛው ወጣችና ሩታን «አንብቢልኝ፤ አንድም ሳትዘልዪ» አለቻት።

ሩታ ከሥራ ስትመለስ ሦስት ቀን አነበበችላት። የመጀመሪያው ክፍል የጥንት ሐኪሞች ቃል ነው። ልብ ሙቀቷን ወደ ውስጥ ስትሰበስብ ሰው እንደሚተኛ፣ ስትበትነው እንደሚነቃ፤ የቀን እንቅልፍ መልክን እንደሚያጠቁር፤ ሐሞት የበዛበት እንደሚነቃ፣ አክታ የበዛበት እንደሚያንቀላፋ። ሁለተኛው ክፍል የራሱ ነው። ቀንና ወር እየጻፈ፣ በራሱ ላይ የሞከረውን ሁሉ አስፍሯል። ራሴን ተላጨሁ፣ አልረዳኝም። ምስር ተውኩ፣ ጥቂት ተሻለኝ፣ ተመለሰብኝ። በሦስተኛው ቀን ሩታ አንድ ገጽ ላይ ስትደርስ አቆመች።

«ቀጥዪ» አለቻት እናቷ።

«ኅዳር አሥራ ሁለት» አለች ሩታ። «ዛሬ ገበያነሽ የፍየሏን ጩኸት እያስመሰለች አሳቀችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ምድጃው አጠገብ ወደቅሁ፤ ሕፃኗ ላይ ልወድቅባት ነበር። ከእሷ ጋር መሳቅ ከሁሉም ይብስብኛል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከእሷ ጋር መሳቅን ትቻለሁ።»

ገበያነሽ ያንን ዓመት ታስታውሰዋለች። ስትቀልድ ፊቱን ያዞር ጀመረ፤ ቀጥሎ ከቤት ይወጣ ጀመረ። ያኔ እሷም መቀለድ ተወች። ሳቁን ለወገዳዋ ሴት የወሰደላት መስሏት ነበር።

«እማ፣ ወዶሽ ነው እኮ» አለች ሩታ እያለቀሰች።

«ሊሆን ይችላል» አለች ገበያነሽ። «እኔ ግን ሳልወደድ ነው የኖርኩት።»

ገበያነሽ ወደ መንደሯ ተመለሰች፤ ሩታም አባቷን ባሕር ዳር ወስዳ ለሐኪም አሳየችው። ሐኪሙ ከጌዲዮን ጋር አንድ ዓይነት ስም ተናገረ፤ ኪኒንም አዘዘ። አሁን ቀኑን ሙሉ ሳያንቀላፋ ያስተምራል ይላሉ። አንድ እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ ተናገረ። ወገዳ ሴት እንዳልነበረችው፣ ይህ ሁሉ ሲወራ ሰምቶ ዝም እንዳለ፣ ዝምታው ሚስቱን እንደበደለ። ድምፁ ተቆራርጦ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ግድግዳውን ተደግፏል። ገበያነሽ በሴቶች በኩል ቆማ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሲጨርስ ሴቶቹ ዞር እያሉ አዩዋት። ነጠላዋን አስተካክላ፣ አጥሩን ተሳልማ፣ ከማንም ቀድማ ወጣች። በዚያው ሳምንት ልብሷን ይዛ ሩታ ዘንድ ገባች።

እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይመጣል። ጎመንና ድንች ያመጣላቸዋል። ደጃፉ ላይ በርጩማ ይወጣለታል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ተማሪዎቹ ያወራል፣ እሷም ትሰማዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ሊሄድ ሲነሣ መቋሚያውን ይዞ ቆመ።

«መቼ ትመጫለሽ?» አላት።

«አላውቅም» አለችው።

«ክረምት ሊገባ ነው። ቤቱ ክዳን ይፈልጋል።»

«አስከድነው።»

«እሺ» ብሎ ወደ ሚኒባሱ አቀና። ሩታ ከውስጥ ሆና «እማ፣ ምነው?» አለቻት። ገበያነሽ በርጩማውን አነሣችና ድንቹን ልትልጥ ገባች።